ውሃው ፈላ የሚባለው መቼ ነው? ለጅማ ማዕድ ቤት የውሃ አፈላል

የአክስቴ ልጅ ከጅቡቲ መጥታ እኛ ቤት ሰነበተች። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ እኔ ልሥራ ብላ እንቁላል ጣደች። ሰዓቷን አይታ ጣደች፣ ሰዓቷን አይታ አወረደች። ስንልጠው አስኳሉ ገና አልረጋም። «እኛ ጋ በዚህ ደቂቃ በደንብ ይበስላል እኮ» አለች ግራ ገብቷት። እሷ አልተሳሳተችም፣ እንቁላሉም ምንም አልሆነም። የተለየው ውሃው ነው።

ጅቡቲ ከተማ ባሕሩ ዳር ናት። ውሃ እዚያ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ ሲጨምር ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ይሳሳል። የሚጫነው ሲቀንስ ውሃው ብዙ ሳይሞቅ መፍላት ይጀምራል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይጎድላል ብላችሁ አስሉት። ስለዚህ ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል።

ውሃ ማፍላት ማንም የሚያውቀው ሥራ ነው ይባላል። እኔ ግን ማዕድ ቤት ውስጥ የሚበላሸው ብዙ ነገር ከዚህ እንደሚጀምር አምናለሁ። የጓጎለ ገንፎ፣ ልቡ ያልበሰለ ቦሎቄ፣ የከሰል ወጪ፣ የልጅ መቃጠል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንሂድ።

ውሃው ከየት መጣ?

ውሃ ጠፍቶ ቆይቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን አትጣዱት። ቧንቧው ውስጥ የተቀመጠውን ዝገትና ደለል ይዞ ነው የሚመጣው። ጠርቶ እስኪወርድ በባልዲ ተቀበሉት። ለወለል ወይም ለአትክልት ይሆናል።

ክረምት ላይ ሌላ ችግር አለ። ጅማ ዝናብ የማይሰስትላት ከተማ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የምንጭም የወንዝም ውሃ ይደፈርሳል። የደፈረሰ ውሃ ብታፈሉት የፈላ ድፍርስ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ በንጹሕ ዕቃ ሞልታችሁ ሳትነኩት አሳድሩት። ጠዋት ከላይ ያለውን ቀስ ብላችሁ ቅዱ። ታጥቦ የደረቀ ነጠላ ሦስት አራት ጊዜ አጥፋችሁ በዚያ አጥሉት። ከዚያ ወደ እሳት።

ጀሪካኑንም ተመልከቱ። የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና ከታጠበ ችግር የለውም። ናፍጣ፣ ላምባ ወይም የእርሻ ኬሚካል የነበረበት ግን መቼም ለምግብ ውሃ አይሆንም። እሳት ጀርም ይገድላል እንጂ እንዲህ ያለውን መርዝ አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ የሚቀረው መርዝ ይበረታል። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድም እንደዚሁ ነው። ስለተፈላ አይወጣም።

ዕቃውና እሳቱ

ለሻይና ለትንሽ ውሃ ማንቆርቆሪያ፣ ለፓስታና ለቅቅል ሰፊ ድስት ያዙ። የድስቱ ቂጥ ከእሳቱ አፍ ይስፋ። ነበልባሉ በድስቱ ጎን ወደ ላይ ከወጣ አየር ነው እያሞቃችሁ ያላችሁት። ድስቱን እስከ አፉ አትሙሉት። አንድ ሩብ ያህል ባዶ ተዉለት፤ ውሃ ሲፈላ ይነሣል፣ ምግብ ሲገባበት ደግሞ ይጨምራል።

የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ለክታችሁ ጣዱ። ለሦስት ሰው ሻይ ሦስት ስኒ ከግማሽ በቂ ነው። ሦስት ስኒ ለመጠጣት ሁለት ሊትር ማፍላት ግማሹን ከሰል ወይም መብራት መድፋት ነው።

ክዳን! ይህን ደጋግሜ ብናገር አልሰለችም። ክፍት ድስት ላይ ሙቀቱ በእንፋሎት ይሄዳል። የተከደነ ድስት ቶሎ ይፈላል፣ ማገዶውም ይቆጥባል። እናቴ ክዳን ስትገዛ ከድስቱ እኩል ትመርጥ ነበር፤ አሁን ገባኝ።

ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ነበልባሉና ጭሱ አልፎ ፍም እስኪሆን ጠብቁ። ላቀች ምድጃ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱን ሰብስቦ ወደ ድስቱ ይልካል። ቆርቆሮ ምድጃ ከሆነ ነፋስ ከማይመታው የበረንዳ ጥግ አስቀምጡት። ዝናብ ሲሆን ብዙ ሰው ምድጃውን ቤት አስገብቶ በር ይዘጋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ሰው እንቅልፍ የያዘው መስሎት ሳይነቃ ይቀራል። ከሰል ቤት ከገባ በርና መስኮት ይከፈት፤ ማታ ስትተኙ ደግሞ ይውጣ።

በኤሌክትሪክ ምድጃ የምታፈሉ ሰዎች አንድ ጥቅም አላችሁ። ምድጃው ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ይግላል። ስለዚህ እንቁላል ወይም ድንች ሊደርስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አጥፉት። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ከሁሉም ይፈጥናል፤ አንድ ሊትር በአራት ደቂቃ ገደማ ያደርሳል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች በብዛት የሚይዙት ግን ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን ማፍያ ነው። እሱን ውሃው ውስጥ ሳይገባ አትሰኩት፤ ከሶኬት ሳትነቅሉም ውሃውን በጣት አትሞክሩ። ለማየት ብላ ጣቷን ነክራ መብራት የያዛት ጓደኛ አለችኝ። ተርፋለች፤ ግን እጇ ለቀናት አልታዘዘላትም።

በዓይንና በጆሮ መለየት

ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ውሃ ከቀዝቃዛ ወደ ፍል በአንዴ አይሄድም። በመንገዱ ላይ ምልክት ይሰጣል። ቴርሞሜትር አያስፈልጋችሁም።

መጀመሪያ ከድስቱ ግድግዳና ወለል ላይ ጥቃቅን አረፋ ይለጠፋል። ይህ መፍላት አይደለም። ውሃው ውስጥ የነበረ አየር ነው እየወጣ ያለው። ጣት ሲነከር ያቃጥላል እንጂ ምግብ አያበስልም። ብዙ ችኩል ሰው ፓስታ የሚከተው እዚህ ላይ ነው። ፓስታው ሳይበስል ይሟሟና እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ቀጥሎ ድምፅ ይመጣል። ማንቆርቆሪያው «ሽሽሽ» ይላል። ከወለሉ የሚነሡ የእንፋሎት አረፋዎች ላይ ያለው ውሃ ገና ስላልጋለ መንገድ ላይ ይሟሽሻሉ። ድምፁ የእነሱ ነው። በጣም ሲጮህ የደረሰ ይመስላችኋል። ገና ነው።

ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል። ጆሮአችሁን ለዚህ አሠልጥኑ። ጩኸቱ ቀንሶ ጎርነን ያለ ድምፅ ሲመጣ ክዳኑን ግለጡ። ትላልቅ አረፋ ከታች ተነሥቶ እስከ ላይ እየደረሰ ይፈነዳል። መላው ውሃ ይፍለቀለቃል፤ በማንኪያ ብታማስሉትም መፍላቱን አያቆምም። የፈላ ውሃ ማለት ይህ ነው።

እዚህ ከደረሰ በኋላ እሳት ብትጨምሩ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ጅማ ላይ 94 ከሆነ 94 ነው። ኃይለኛ እሳት የሚጨምረው እንፋሎት ብቻ ነው። እንፋሎት ደግሞ ውድ ነው። አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ከሚፈጀው ሙቀት ይልቅ ያንኑ አንድ ሊትር አትንኖ ለመጨረስ ሰባት እጥፍ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ውሃው ከፈላና ምግቡ ከገባ በኋላ እሳቱን ቀንሱ። ቀስ እያለ ፈላ ፈላ ይበል። ድንቹ በኃይለኛውም በቀስታውም እሳት እኩል ይበስላል፤ ከሰሉ ግን ይተርፋችኋል።

ክዳን ስትገልጡ በመጀመሪያ የፊታችሁን ተቃራኒ ጎን አንሡ። እንፋሎቱ ወደዚያ ይውጣ።

ለየምግቡ

ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አብረው የሚጣዱ አሉ። ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጎደሬ። ሥር የሆነ ነገር ፍል ውሃ ውስጥ ከገባ ላዩ ይፈርሳል፣ ልቡ ጥሬ ይቀራል። ጎደሬ ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደንብ ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ ያሳክካል። ቢላዋ ሲወጋው ያለ ምንም ትግል እስኪገባ ድረስ ቀቅሉት፤ የተቀቀለበትንም ውሃ ድፉት።

ውሃው ከፈላ በኋላ የሚገቡት ደግሞ ፓስታ፣ ጎመንና እንቁላል ናቸው። ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ አድርጎ ጨው። ጨው ውሃውን ቶሎ ያፈላል የሚባል ወሬ አለ። እውነት አይደለም። የመፍያውን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ እንኳ በሊትር 58 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ ያን የሚበላው የለም። ጨው ለጣዕም ነው። ውሃው ከፈላ በኋላ ጨምሩት፤ ድስቱ ወለል ላይ ሳይሟሟ ተቀምጦ እንዳይበላው። ስትጨምሩት ድንገት ስለሚነሣ በትንሽ በትንሹ ይሁን። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ እኛን አይመለከትም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምራችሁ ቅመሱ። እንቁላልም አስኳሉ እንዲጠነክር ከፈለጋችሁ ውሃው ከፈላ ጀምሮ 12 ወይም 13 ደቂቃ ስጡት። የአክስቴ ልጅ በዚህ ከተስማማች በኋላ ቁርስ የእሷ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ቦሎቄ። ይህ በ94 ዲግሪ ትልቅ ፈተና ነው። ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ጣዱ። ቀይ ቦሎቄ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል መፍላት አለበት፤ ጥሬው ውስጥ ሆድ የሚያመም ነገር አለ። ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ ሰዓታት ስጡት። ውሃ ሲያንስበት የምትጨምሩት የፈላ ውሃ ይሁን። ቀዝቃዛ ከጨመራችሁ ድስቱ እንደገና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ሁሉ ባከነ። ከሰል ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ካፈላ በኋላ ድስቱን ከነክዳኑ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያስቀምጠው። ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ መልሳችሁ ጣዱት፤ ብዙ ለስልሶ ታገኙታላችሁ። አቅም ያለው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለውን ድስት ይግዛ። እሱ ውስጥ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ከፍታችን የወሰደብንን ይመልስልናል።

ወጥም ላይ ይኸው ነው። ሽንኩርቱና በርበሬው ተቁላልቶ ውሃ ጠብ የምታደርጉበት ጊዜ አለ። አጠገባችሁ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይቀመጥ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሲል ቁሌቱ ይደነግጣል፤ መብሰሉ ይቋረጣል። ሙቅ ውሃ ግን ሥራውን አያቋርጠውም።

ገንፎ የሚበላሸው ዱቄት ሲበዛ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ሳይፈላ ዱቄት ሲገባም ነው። ውሃውን በደንብ አፍሉት። ከፈላው ውሃ አንድ ሁለት ኩባያ ቀንሳችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ዱቄቱን እየነሰነሳችሁ በማማሰያ ሳታቋርጡ ምቱ። ሲጠነክርባችሁ ከተቀመጠው ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አለስልሱት። ያች የተቀነሰች ውሃ የገንፎው መድን ናት። አብሲት የምትጥሉም እንዲሁ፤ ውሃው እየተፍለቀለቀ ሊጡን ቀስ እያደረጋችሁ ጨምሩ፣ እጃችሁ ከማማሰል አይረፍ።

ቡናን ሳላነሣ ብቀር ጅማ ትቀየመኛለች። ጀበና አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እንፋሎቱ መውጫ ያጥረዋል፤ ለዚህ ነው በድንገት የሚገነፍለው። ከሆዱ በላይ ውሃ አትሙሉት። ውሃው ሲፈላ ቡናውን ጨምሩ። ገንፈል ሲል ከእሳት አንሡት፣ ትንሽ ሲረጋ መልሱት። በመጨረሻ ጀበናውን አጋድማችሁ አተላው እስኪሰክን ታገሡ። ውሃው የጀሪካን ሽታ ካለው ግን ምርጥ ቡና እንኳ አያድነውም። ለቡና የሚሆነውን ውሃ ለብቻው ከሸክላ ወይም ከንጹሕ ዕቃ ቅዱ።

ሻይ ቀላል ነው። ቀረፋውንና ቅርንፉዱን ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ጣዱ፤ ቅመም ጊዜ ይፈልጋል። የሻይ ቅጠሉን ከፈላ በኋላ ጨምራችሁ ወዲያው አውርዱ።

ለመጠጥ ሲሆን

ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ 94 ዲግሪ ጀርም ይገድላል ወይ? አዎ። ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡ ጀርሞች ከዚያ በታች በሆነ ሙቀት ይሞታሉ። ከ2,000 ሜትር በታች ላለ ቦታ ውሃው መፍለቅለቅ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ላለ ሦስት ደቂቃ ነው የሚመከረው። ጅማ ከተማ ከ2,000 በታች ናት። ወደ ጅሬን ኮረብታ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት የምትኖሩ ሦስቱን ደቂቃ ያዙ። እኔ ቤቴ ታች ቢሆንም ለሕፃንና ለታመመ ሰው ሦስት አደርጋለሁ።

የፈላው ውሃ የሚበላሸው ከፈላ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ቤታችን ሁሉ ሆዱን ታመመ። ውሃ እናፈላ ነበር፤ ግን ባልዲ ውስጥ ክፍት አስቀምጠን ሁሉም በየኩባያው እጁን እየነከረ ይቀዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በፈላበት ዕቃ ከነክዳኑ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቧንቧ ባለው ወይም አፉ ጠባብ በሆነ ንጹሕ ዕቃ ይገለበጣል። እጅም ኩባያም አይገባበትም። በረዶ ወይም ያልፈላ ውሃ አይቀላቀልበትም።

መብራት በየጊዜው ስለሚሄድ ጠዋት መብራት ሳለ አንድ ፔርሙስ ሙሉ አፍልታችሁ ያዙ። ፔርሙሱን መጀመሪያ በትንሽ ፍል ውሃ አለቅልቁት፤ ብርጭቆው ይሞቃል፣ ውሃውም እስከ ማታ ሙቀቱን ይይዛል። ያ ውሃ ለሻይ፣ ለሕፃን ጡጦ ማጠቢያ፣ ለወጥ ጠብ ይሆናል።

ሲያቃጥል

ቡና የሚፈላው መሬት ላይ ነው። ልጅ የሚድኸውም መሬት ላይ ነው። ታናሽ እህቴ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የረከቦቱን ጨርቅ ስባ ጀበናው ደረቷ ላይ ተደፋ። ጠባሳው እስካሁን አለ። ስለዚህ ልጅ ባለበት ቤት ጀበናና ምድጃ ከግድግዳ ጥግ፣ ከሰው ጀርባ ይሁን። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። ፍል ውሃ የያዘ ሰው ሲያልፍ ጮክ ብሎ «ፍል ውሃ ነው!» ይበል።

ከተቃጠለ ወዲያው ልብሱን አውልቁ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ከሆነ አትጎትቱት። በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ሙሉ አቀዝቅዙት። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ዱቄት አትቀቡ፤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። በረዶም አይደረግበትም። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ፊት፣ እጅ፣ ብልት ከሆነ ወይም ሕፃን ከሆነ ሳትውሉ ሐኪም ቤት ውሰዱ።

ማንቆርቆሪያው ሲነጣ

በጊዜ ብዛት ማንቆርቆሪያው ወለል ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ውሃው ውስጥ ያለ ኖራ መሰል ማዕድን ነው፤ ጤና አይጎዳም፤ ግን ሙቀት ያግዳል፣ ማፍላቱንም ያዘገያል። የሁለት ሎሚ ጭማቂ ወይም አንድ ስኒ አቼቶ በግማሽ ሊትር ውሃ ቀላቅላችሁ አፍሉበት። አጥፍታችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። በሽቦ አትፈግፍጉት፤ ቅርፊቱ ለስልሶ በጨርቅ ይለቃል። ከዚያ አንድ ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ። ቀጥሎ የምታፈሉት ሻይ የሎሚ ሽታ አይኖረውም።